ሆዱ ላይ በር ያለው ሰውዬ

አዳማ ቀን ቀን መተኛት ከጀመረች ቆይታለች። ረፋድ ላይ ሳይረን ይነፋል። ባጃጆች ጥላ ፍለጋ ይበተናሉ፣ ሱቆች መዝጊያቸውን ያወርዳሉ፣ ከዚያ በኋላ ፀሐይዋ እስክትበርድ ድረስ መንገድ ላይ ውሻ እንኳን አይታይም። ሰዉ ይህን ጊዜ የፀሐይ ሰዓት ይለዋል። በፀሐይ ሰዓት ጨዋ ሰው ይተኛል፤ እንቅልፍ እምቢ ያለውም ቢሆን ጋደም ብሎ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ሀሴት ግን ሰሞኑን ከጨዋነት ወጥታለች። ስልሳ ዓመት ካለፋት በኋላ የጀመራት አመል ነው። ሳይረኑ ሊነፋ ትንሽ ሲቀረው ራሷን በእርጥብ ሻሽ ጠምጥማ፣ የምስር ሳምቡሳ የያዘ ሳህን በፎጣ ሸፍና፣ ጉልበቷ የፈቀደላትን ያህል እየሮጠች መንገዱን ታቋርጣለች። ማዶ ያለው የድሮ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ኢክራም በሩን ገርበብ አድርጋ ትጠብቃታለች። ኢክራም የልጅነት ጓደኛዋ ናት። አንድ ግቢ አድገዋል፣ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ተምረዋል፣ አሁን ደግሞ አንድ መንገድ ለሁለት ተካፍለው አርጅተዋል።

«ማንም አላየሽም?» ትላለች ኢክራም ሁልጊዜ።

«ማን ያየኛል? አገሩ በሙሉ ሬሳ ሆኗል።»

ከዚያ ከየጆሯቸው አንደበት የሚባለውን፣ ባቄላ የሚያክለውን መሣሪያ ያወጡና ስኳር ቆርቆሮ ውስጥ ጨምረው ይከድኑታል። አንደበት ከጆሮ የሚወጣው ለእንቅልፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ለሚጠይቅ ሁሉ ሁለቱም ተኝተዋል።

ሳህኑ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። «ሳምቡሳ ትበያለሽ?» ትላለች ሀሴት። «አይ፣ በልቻለሁ» ትላለች ኢክራም። ሀሴትም ሳህኑን አንስታ መስኮቱ ጥግ ታደርገዋለች፣ ማምሻውን ይዛው ትመለስና ራት አድርጋ ብቻዋን ትበላዋለች። በማግስቱ ትኩስ ጠብሳ ትመጣለች፤ የማግስቱ ሳምቡሳ አዲስ ጥያቄ ነውና ይፈቀዳል።

ነገሩ ሲጀመር ለበጎ ነበር። አንደበት የሰውን ቃል አቃንቶ ያቀብላል፣ የተባለውን አለስልሶ ያሰማል፣ ለቅሶ ቤት ምን እንደሚባል ያንሾካሹካል። ጠብ ቀነሰ። ቀጥሎ ደግሞ ሰው እምቢ ካለ እምቢታው ይከበርለት ተባለ። ማን ይቃወማል? ሴት ልጅ መንገድ ላይ የሚከተላት ጠፋ፣ ሠራተኛ በእረፍት ቀኑ ና እየተባለ መጨቅጨቁ ቀረ፣ ሰው እፎይ አለ። አንዴ የተጠየቀና አንዴ የተመለሰ ጥያቄ ተዘጋ። ለሁለተኛ ጊዜ የሚጠይቅ ሰው ቃሉ የተላከለት ሰው ጋ አይደርስም፤ ፊት ለፊት ቆሞ ቢናገር እንኳን የአድማጩ አንደበት ድምፁን ወደ ትንፋሽ ይቀይረዋል። ይህ ጫና ይባላል። አሁን ሠርግ ቤት ምግቡ አንድ ጊዜ ይዞራል፣ «ይቅርብኝ» ያለ ሰው ሳህኑ ይነሳል፣ አብዛኛው እንግዳ ርቦት ይመለሳል። የድግስ አዘጋጆች ከዚህ የተሻለ ዘመን አይተው አያውቁም።

ሀሴትን የሚያቃጥላት ግን ሠርጉ አይደለም። የኢክራም ኮንዶሚኒየም ሊፈርስ ነው፤ ለነዋሪዎቹ ከበቆጂ ወዲያ ባለው አዲስ ከተማ ቤት ተሰጥቷቸዋል። የኢክራም መኪና ቅዳሜ ጠዋት ይመጣል። ወሬው እንደተሰማ ሀሴት ጊዜ አላጠፋችም። ልጇ ኤልዳና አግብታ ከሄደች ወዲህ አንድ ክፍሏ ባዶ ነው፤ ኢክራም ደግሞ ባሏ ሙኒር ካረፈ ጀምሮ ብቻዋን ናት። «እኔ ጋ ግቢ፣ ክፍሉ ባዶ ነው» ብላ ላከችባት። መልሱ ወዲያው መጣ። «ግብዣሽ ደስ ብሎኛል፤ ግን አልቸግርሽም።» ከመልሱ ኋላ የአንደበት ረጋ ያለ ድምፅ ተከተለ። «ጥያቄው ተዘግቷል።» የሳምቡሳ ጥያቄ ሲነጋ ይከፈታል፤ የቤት ጥያቄ ግን ዓመት ይቆያል። ሀሴት ያን ቀን አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ የባዶውን ክፍል በር ስታይ ዋለች። አልፈለገችኝም አለች በሆዷ። ሰው አልፈልግም ካለ ምን ይደረጋል?

ላፕቶፑ የተገኘው ኢክራም ዕቃ ስትሸክፍ ነው። የሙኒር የተማሪነት ዘመን ላፕቶፕ፣ ማውዙ በገመድ የሚሰካ፣ ቻርጀሩ በፕላስተር የተጠቀለለ። ከምንም ጋር አይገናኝም፤ አንደበትም ሊያየው አይችልም፤ በፀሐይ ሰዓት መንገድ ማቋረጡ የተጀመረውም ለእሱ ሲባል ነው። ውስጡ አንዲት ትንሽ ጌም ብቻ ነበረች። የሠሪው ስም የለባትም። እየተዘዋወሩ ያዩትን ነገር በማውዝ ጠቅ ማድረግ ነው፣ ሌላ ሥራ የለውም።

ስትከፈት በጥቁር ስክሪን ላይ በነጭ ፊደል «ስንት ሆናችሁ መጣችሁ?» ትላለች። ምርጫው «አንድ» ወይም «ሁለት» ነው። ኢክራም «ሁለት» የሚለውን ጠቅ አደረገች።

«ኑ ግቡ» አለች ጌሟ።

የገቡበት ክፍል አልጋው ጣሪያ ላይ ተገልብጦ ተሰቅሏል። ሥሩ ክራባት ያሰረ አህያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ጠቅ ሲያደርጉት ከጋዜጣው ቀና ሳይል «ጥላችሁን አስቀምጡ» አላቸው።

«የምን ጥላ?» አለች ሀሴት። «ዝናብ በሌለበት አገር!»

ያን ቀን ሙሉ ጃንጥላ ሲፈልጉ ዋሉ። አልጋውን ነኩ፣ ጋዜጣውን ነኩ፣ አህያውን ጆሮውን ነኩት፤ ጆሮውን ከማራገብ በቀር ምንም አላለም። በማግስቱ ሀሴት እጇ አዳልጧት ወለሉ ላይ የወደቀውን የራሳቸውን ጥላ በማውዙ ያዘችው። ጥላው ተነሳ። እየጎተተች ወስዳ ግድግዳው ላይ ካለው መስቀያ አንጠለጠለችው። አህያው ጋዜጣውን አጠፈና በሩን ከፈተላቸው።

«ደደብ!» አለች ኢክራም እየጮኸች። «እኔ'ኮ ትናንት ልነካው ስል አንቺ ነሽ ተይው ያልሽኝ!»

ሀሴት ደነገጠች። ከሠላሳ ዓመት ወዲህ ከኢክራም አፍ እንዲህ ያለ ቃል ሰምታ አታውቅም፤ አንደበት መንገድ ላይ አንስቶ ሌላ ያደርገው ነበር። ቀጥሎ ሳቅ መጣባት። እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፣ ኢክራምም ተከተለቻት፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ሁለቱም ትራስ አፋቸው ላይ ያዙ። ሀሴት ደስ አላት። ምን እንደሚደረግ አለማወቅ እንዲህ ደስ እንደሚል ረስታው ነበር። ቃል ቢጠፋ የሚያቀብል፣ መንገድ ቢጠፋ የሚመራ ሁልጊዜ ጆሮ ውስጥ አለ፤ የሚጠፋ ነገር ራሱ ከጠፋ ስንት ዘመኑ።

ከበሩ ውጭ ጓሮ ነበር። ጓሮው ውስጥ አንድ ሐይቅ እንደ አንሶላ ልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ሀሴት የሐይቁን ጫፍ ይዛ ስትጨምቀው ውሃው ሳይሆን ዓሦቹ ተንጠባጠቡ፣ ከመሃላቸው አንዱ ሳል ሳል አለውና ትኩስ ቅንጬ የሞላ ሳህን ከነማንኪያው ተፋ።

«ይሄን የሠራው ልጅ ምን ቅሞ ነው?» አለች ኢክራም።

«የቃመ አይመስለኝም። የራበው ነው የሚመስለኝ።»

ከጓሮው መጨረሻ ላይ ሰውየው ተቀምጧል። ግዙፍ ነው፣ ካፖርት ለብሷል፣ ካፖርቱ መሃል ሆዱ ላይ በር አለ። እጀታ ያለው፣ ቀለም የተቀባ፣ የተቆለፈ የእንጨት በር። በየደቂቃው ሆዱ ይጮኻል፣ ሲጮህ ስክሪኑ በሙሉ ይንቀጠቀጣል። ነገሩ ለማንም ግልጽ ነው። ሀሴት ቅንጬውን ወስዳ አቀረበችለት።

«በልቻለሁ፣ አመሰግናለሁ» አለ ሰውየው።

ሀሴትም ቅንጬውን መለሰችው። ኢክራምም «እሺ፣ አልፈለገም» አለች። አንደበት ስኳር ቆርቆሮው ውስጥ ተከድኗል፤ ልማዱ ግን የሚከደን አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ መላ ፍለጋ ሆነ። ዓሣ አቀረቡለት፣ የአህያውን ክራባት ፈተው አሰሩለት፣ ጥላቸውን አውርደው አለበሱት። በሩን በማንኪያ ሊሰረስሩ ሞከሩ። ሰውየው ንቅንቅ አላለም፣ ሆዱም መጮሁን አላቆመም። እንዲህ እያሉ ዓርብ ደረሰ።

ዓርብ ቤቱ ቤት አይመስልም ነበር። መጋረጃው ወርዷል፣ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል፣ ምድጃው ከትናንት በስቲያ ታሽጎ በር ሥር ቆሟል። ላፕቶፑን ካርቶን ላይ አስቀምጠው ሁለቱም ፍራሽ ላይ ተቀመጡ። ኢክራም ረጋ ብላለች። «ቀዝቃዛ አገር ነው ይላሉ» አለች። «ቀን ቀን ሰው መንገድ ላይ ይሄዳል አሉ።»

«ጥሩ ነው» አለች ሀሴት።

ጥሩ አልነበረም። ሀሴት ሌላ ነገር ልትል ፈልጋ ነበር፤ ከስምንት ቀን ጀምሮ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው። ግን ጆሮዋ ባዶ ሆኖ ሳለ እንኳን ያ ረጋ ያለ ድምፅ ተዘግቷል ሲላት ይሰማታል። ስለዚህ የለመደችውን አደረገች። ሳህኑን አውጥታ ፎጣውን ገለጠችው።

«ሳምቡሳ ትበያለሽ?»

«አይ፣ በልቻለሁ።»

ሀሴት ሳህኑን አነሳች። ወደ መስኮቱ ልትወስደው ስትዞር የኢክራም ዓይን ሳህኑን ተከትሎ ሲሄድ አየችው። እስከ መስኮቱ ድረስ ሸኘው። ኢክራም ምራቋን ዋጠች።

ሀሴት ሳህኑን እንደያዘች ቆመች። ምድጃው ታሽጓል። ድስቱ ካርቶን ውስጥ ነው።

«ምን በላሽ?» አለች።

«እ?»

«በልቻለሁ አልሽኝ። ምን በላሽ?»

 ስክሪኑ ላይ የሰውየው ሆድ ጮኸ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ላፕቶፕ ተንዘፈዘፈ። ሀሴት ኢክራምን አየች፣ ሰውየውን አየች፣ እንደገና ኢክራምን አየች።

«እናትሽን እትዬ ዘይነባን አስታወስኳት» አለች። «ከትምህርት ቤት ስንመለስ በልቻለሁ ስላት ምን ነበር የምትለኝ?»

«ማን ቤት?» አለች ኢክራም የእናቷን ድምፅ አውጥታ። «የማን ቤት እህል ነው ከኔ ቤት የሚበልጠው? አፈር ስሆን ብዪ!»

«አንዴ እምቢ ብዬ የተላቀቅኩበት ቀን ነበር?»

«በአንዴማ እሺ ማለት ነውር ነበር'ኮ። ሆዳም ያስብላል። ሦስቴ ነው እምቢ የሚባለው፣ ከዚያ…» ኢክራም ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ሀሴት! ያ ሰውዬ'ኮ ይሉኝታ ይዞት ነው!»

ሀሴት ሳህኑን አስቀመጠችና ማውዙን ያዘች። ቅንጬውን አንስታ አቀረበችለት።

«በልቻለሁ፣ አመሰግናለሁ» አለ ሰውየው።

ደገመች። እንዲህ ያለ ነገር ካደረገች ዘመናት አልፈዋል።

«ኧረ በቃኝ! አሁን ነው ከገበታ የተነሳሁት።»

አዲስ ቃል ነበር። ሁለቱም ጮኹ። ሀሴት አሁንም ደገመች። ሰውየው ካፖርቱን ሰብሰብ አደረገ፣ ስክሪኑ ቀላ። «አትቸገሩ ስላችሁ!»

«ተቆጣ!» አለች ኢክራም ክንዷን ይዛ። «ተይው፣ በአላህ ተይው፣ ጫና ነው።»

«እናትሽ ትተወው ነበር?»

ኢክራም ክንዷን ለቀቀቻት። ሀሴት አራተኛ ጊዜ አቀረበችለት። ሰውየው ቅንጬውን አየ። ሆዱም ዝም አለ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ፊደሎቹ አንድ በአንድ፣ ያፈሩ ይመስል፣ ብቅ ብቅ አሉ።

«ካላችሁ እንግዲህ… ትንሽ ብቻ።»

ቅንጬውን በላው። ሳህኑን በላው፣ ማንኪያውን በላው፣ ዓሦቹን እየለቀመ በላቸው። ያ ሁሉ ረሃብ ነበረበት። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰና የሆዱ በር ቀስ ብሎ ተከፈተ። ውስጡ ያ የመጀመሪያው ክፍል ነበር፤ አልጋው ግን ወደ ወለሉ ወርዷል፣ አህያው ጋዜጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ ተኝቷል፣ ሁለት ወንበር ተሰናድቶ ሁለት ጥላዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከላያቸው «እንኳን ሁለት ሆናችሁ መጣችሁ» የሚል ተጻፈ። ያ ነበር መጨረሻው። ወንበሮቹን ጠቅ ቢያደርጓቸው፣ አህያውን ቢነኩት፣ ሌላ ምንም አልመጣም።



«ኢክራም» አለች ሀሴት ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «አልቸግርሽም ብሎ የመለሰልኝ አንቺ ነሽ ወይስ አንደበት?»

«እኔ ነኝ። ከራሴ አፍ ነው የወጣው።» ኢክራም የሻሿን ጫፍ ትጠቀልል ጀመር። «ምን ልበል ታዲያ? በአንድ ቃል እሺ ብዬ ሻንጣዬን ተሸክሜ ልሩጥ? ደግመሽ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ነበር'ኮ። አንደበቱን አውጥተን ስንቀመጥ ዛሬ ትደግመዋለች እያልኩ ነው የሰነበትኩት። ዝም ስትይ፣ እሷም ለደንቡ ያህል ነው የጠየቀችኝ አልኩ።»

ሀሴት ተዘግቷል ብለውኝ ነው ልትል ነበር፣ ተወችው። ሰበብ መሆኑ ታወቃት። ጓደኛዋ ተርባ መጠበቋን እያሰበች አለቀሰች፣ እያለቀሰችም ማውዙን አስቀምጣ ወደ ኢክራም ዞረች።

«በይ እኔ ጋ ግቢ።»

«አይ ሀሴትዬ፣ አልቸግርሽም።»

«እኔ ጋ ግቢ።»

«ዕቃዬ ብዙ ነው። ደግሞ አንኮራፋለሁ፤ ሙኒር፣ አላህ ይርሐመውና፣ እሱ ሆኖ ነው የቻለኝ።»

«አንኮራፊ። እኔ ጋ ግቢ።»

«ቤቱ አንዴ በስሜ ወጥቷል፣ መኪናውም ተነግሮታል፣ አሁን ምን ብዬ…»

«አፈር ስሆን!» አለች ሀሴት። ቃሉ ከየት እንደመጣ አታውቅም። ለዘመናት ያልተነካ፣ ማንም ያላቃናው፣ ሻካራ ቃል ነበር። «አፈር ስሆን፣ ኢክራም! እኔ ቁሜ አንቺ የትም አትሄጂም!»

ኢክራም ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አይለይም። ሁለቱም ነበር።

«ካልሽ እንግዲህ» አለች ከሻሹ ሥር። «ለትንሽ ጊዜ ብቻ።»

ውጭ የማምሻው ሳይረን ነፋ። ባጃጆች ተነሱ፣ መዝጊያዎች ተንኳኩ፣ ከተማው ከእንቅልፉ ነቃ። ሁለቱ ሴቶች የስኳሩን ቆርቆሮ ከፍተው አንደበታቸውን ወደየጆሯቸው መለሱ።

«እንቅልፍሽ ጥሩ ነበር» አላት የሀሴት አንደበት። «ለነገው የኢክራም ስንብት ሦስት ዓይነት የመሸኛ ቃል አዘጋጅቼልሻለሁ። ላሰማሽ?»

«አልፈልግም» አለች ሀሴት። አንዴ ብቻ አለች፤ እሱም አንዴ ሰምቶ ተወ።

ከዚያ ሳህኑን ከመስኮቱ ጥግ አመጣችው። ሳምቡሳው ቀዝቅዟል።

«ሳምቡሳ ትበያለሽ?»

«በልቻለሁ» አለች ኢክራም።

«ጥያቄው ተዘግቷል» አለ አንደበት ረጋ ብሎ።

ሀሴት ሳህኑን ወደ ኢክራም ገፋ አደረገችው። ኢክራምም «ኧረ በቃኝ!» እያለች ትልቁን መርጣ አነሳች።